የመጀመሪያዋን ደቂቃ መለካት፦ የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ የማስጀመር ማስረጃና የምርምራችን አቅጣጫ

ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምጥ የጠናባት እናት፣ አምቡላንስ ከተገኘና መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ይህን ርቀት አቋርጣ የላቀ ሕክምና ወዳለበት ልትደርስ ትችላለች። ተወልዶ ትንፋሹን ያልጀመረ ሕፃን ግን የትም ሊደርስ አይችልም። ለእርሱ ሆስፒታሉ የተወለደበት አልጋ ነው፤ ሐኪሙ እትብቱን የያዘችው ሚድዋይፍ ናት፤ ያለው ጊዜም አንዲት ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ደቂቃ ያለንን ማስረጃ ይመለከታል። የሚሟገትለት ነጥብ አንድ ነው። በማዋለጃ ክፍል ምን መደረግ እንዳለበት የሚናገረው ማስረጃ ለሥራ የሚበቃ ያህል ተሰብስቧል። የጎደለን በእኛው ማዋለጃ ክፍሎች በእርግጥ ምን እንደሚደረግና በስንተኛው ሰከንድ እንደሚደረግ የሚነግረን ማስረጃ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚቀርቡት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ሆነው ሳለ፣ ብዙ ጉልበታቸውን የባለሙያውን ዕውቀት በመጠይቅ ለመለካት እያዋሉት ነው።

በሩ ተከፍቷል፤ ክፍሉስ?

በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚፈጸም ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2005 5 በመቶ ነበር። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ አደገ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሚድዋይፎችና የአምቡላንስ ሾፌሮች ድካም ያለበት ውጤት ነው።

በነዚሁ ጥናቶች ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት መካከል አንድ ወር ሳይሞላቸው የሚሞቱት በቅደም ተከተል 39፣ 37፣ 29 እና 33 ነበሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ከናሙና ስሕተት ወሰን ላያልፍ ስለሚችል ሞት ጨምሯል ማለት አያስደፍርም። ይሁን እንጂ የተቋም ወሊድ በእጥፍ ሊደርስ በተቃረበባቸው ዓመታት የጨቅላ ሕፃናት ሞት በዚያው ልክ እንዳልቀነሰ ለማየት የተራቀቀ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ያለ ጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን ድርሻቸው ትልቅ ነው። ሆኖም በወሊድ ጊዜ መታፈን ከሦስቱ ዋና ዋና ገዳዮች አንዱ ነው፤ ከሦስቱም መካከል በዚያው ክፍል፣ በዚያችው ሰዓት፣ በዚያችው ባለሙያ እጅ ሊመለስ የሚችለው በተለይ እርሱ ነው። እናቲቱን ወደ ተቋም የጠራናት ይህን ቃል ገብተን ነውና ቃሉ መጠበቁን መለካት ግዴታችን ነው።

ማስረጃው ያስቀረውና ያጸናው

የጨቅላ ሕፃናት ነፍስ አድን ሕክምና ያለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ታሪክ ከሚታከለው ይልቅ የሚቀነሰው የበዛበት ነው። ለረጅም ጊዜ ልማድ ሆነው የኖሩ አያሌ ተግባራት በጥናት ሲፈተኑ ጥቅማቸው አልተገኘም።

አንደኛው ሳክሽን ነው። ዓይነ ምድሩን በእንሽርት ውሃው ውስጥ የለቀቀ ሕፃን፣ ትከሻው ከመውጣቱ በፊት አፍና አፍንጫው ይመጠጥ ዘንድ የሚያዝዘው ልማድ ለዓመታት ጸንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በላንሴት መጽሔት የታተመውና በአብዛኛው በአርጀንቲና ሆስፒታሎች የተካሄደው ሙከራ 2,514 ሕፃናትን በዕጣ መድቦ ሲያነጻጽር፣ መምጠጡ ሕፃናቱን ከበሽታም ከሞትም እንዳልታደጋቸው አሳየ። በ2015 ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ሕክምና አገናኝ ኮሚቴ፣ ደካማ ሆነው የተወለዱትንም ቢሆን ትንፋሽ ከመስጠት በፊት በቱቦ መምጠጥ የዘወትር ተግባር መሆኑን እንደማይደግፍ አስታወቀ።

ሁለተኛው ንጹሕ ኦክስጂን ነው። በ1998 የታተመው ሁለተኛው የሪሴር ጥናት ሕንድን፣ ግብፅንና ፊሊፒንስን ጨምሮ በስድስት አገሮች 609 ሕፃናትን አሳትፎ፣ በተራ አየር መጀመር በመቶ በመቶ ኦክስጂን ከመጀመር እንደማያንስ አሳየ። በ2019 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ ደግሞ ጊዜያቸውን ጠብቀው ወይም ለዚያ ተቃርበው በተወለዱ ሕፃናት ላይ በተራ አየር መጀመር የአጭር ጊዜ ሞትን በ27 በመቶ ቀንሶ እንደተገኘ አስልቷል። የተጠቃለሉት ጥናቶች ጥራት ውሱን መሆኑን ዳሰሳው ራሱ አልሸሸገም። ቢሆንም የኦክስጂን ሲሊንደር የለኝም ብላ የምትጨነቅ የገጠር ጤና ጣቢያ ሚድዋይፍ ለመጀመር የሚያስፈልጋት በዙሪያዋ ያለው አየር መሆኑን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደረት መጫንና አድሬናሊን መስጠት የሚታዩት በመመሪያው መሰላል የላይኛው እርከን ላይ ነው። የሚያስፈልጓቸው ሕፃናት እጅግ ጥቂቶች ስለሆኑ፣ የሦስት ጫና ለአንድ ትንፋሽ ምጣኔው ሳይቀር በአመዛኙ የተመሠረተው በእንስሳትና በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው። የመሣሪያ መራቀቅም የሚጠበቀውን ያህል ለውጥ አላመጣም። በዩጋንዳ ዋና ከተማ በሙላጎ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2020 በታተመ ሙከራ፣ በጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ የአየር መስጫ በሚድዋይፎች እጅ ከተለመደው የፊት ጭንብል በልጦ አልተገኘም።

እንግዲህ ተፈትኖ የቀረው ምንድን ነው? ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ጀርባን ማሸት፣ ይህ ካልበቃ ደግሞ ጭንብሉን ፊት ላይ በሚገባ ገጥሞ በአምቡ ባግ አየር ማስገባት። ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉ በራሳቸው ይተነፍሳሉ፤ 10 ያህሉ ሲደርቁና ሲታሹ ምላሽ ይሰጣሉ፤ 5 ያህሉ አምቡ ባግ ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልጉት ከመቶ አንድ አይሞሉም። በሌላ አነጋገር፣ ከባድ ማስረጃ ያላቸው ተግባራት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ሊያከናውኗቸው የሚችሉት ናቸው።

የሰከንዶች ዋጋ

ጊዜን በሚመለከት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት በሰሜን ታንዛንያ ገጠር በሚገኘው የሃይዶም ሆስፒታል የተካሄደውና በ2012 የታተመው ነው። ለዚሁ የሠለጠኑ ታዛቢዎች ሌት ተቀን ማዋለጃ ክፍል ተቀምጠው 5,845 ወሊዶችን በሰዓት መቁጠሪያ ተከታተሉ። በአምቡ ባግ አየር መስጠት በዘገየ ቁጥር፣ በየ30 ሰከንዱ የመሞት ዕድል በ16 በመቶ እየጨመረ ሄደ።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ መጠየቅ ይገባዋል። ጥናቱ የምልከታ ጥናት ነው፤ የዘገየባቸው ሕፃናት ከመነሻው የተለዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ትንፋሽ መስጠትን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ሙከራ ግን ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅድም፤ መፍቀድም የለበትም። ስለዚህ ምልከታውን የምንመዝነው ከፊዚዮሎጂው ጋር አስተባብረን ነው። በ1960ዎቹ እነ ጄፍሪ ዶውስ በእንስሳት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የታፈነ ጨቅላ መጀመሪያ ትንፋሹ ሲቆም በመታሸት ሊመለስ እንደሚችል፣ ሁለተኛው መቆም ላይ ከደረሰ ግን አየር ካልገባለት እንደማይመለስ አሳይተዋል። ሚድዋይፏ ፊት የተኛው ሕፃን በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በዓይን አይለይም። በማሸት ላይ የምታባክነው እያንዳንዱ ሰከንድ ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ማስረጃዎች፣ የሃይዶም ሰዓትና የዶውስ ቤተ ሙከራ፣ ተደጋግፈው ይቆማሉ።

ስልጠናው እጅ ላይ ሲቀር

«ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» የተሰኘው ሕፃናት እንዲተነፍሱ የመርዳት ስልጠና በ2010 ይፋ ከሆነ ወዲህ ብዙ አገሮችን አዳርሷል። በታንዛንያ ስምንት ሆስፒታሎች በተደረገ የቅድመና ድኅረ ስልጠና ንጽጽር፣ በመጀመሪያው ቀን የሚከሰት ሞት በ47 በመቶ፣ በምጥ ጊዜ ሞተው የሚወለዱትም በ24 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ይህ ውጤት ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ብቻውን ሊነበብ አይገባም።

በሃይዶም የአንድ ቀን ስልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች በአሻንጉሊቱ ላይ ያሳዩት ችሎታ በግልጽ ተሻሽሎ ሳለ፣ በማዋለጃ ክፍሉ ያለው አሠራርና የመጀመሪያው ቀን ሞት አልተለወጠም። በዚያው ሆስፒታል በየሳምንቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ልምምድ ሲጀመር ግን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚከሰተው ሞት ከ1,000 ወሊድ ከ11.1 ወደ 7.2 ወረደ። በኔፓል መዲና በካትማንዱ በሚገኝ የእናቶች ሆስፒታልም የዕለት ተዕለት የአምቡ ባግ ልምምድ፣ ከወሊድ በፊት የሚደረግ ዝግጅትና ራስን መገምገም ተጣምረው በተተገበሩበት ጊዜ፣ የመጀመሪያው ቀን ሞት ከ1,000 ከ5.2 ወደ 1.9 ዝቅ ብሏል። ሁሉም የቅድመና ድኅረ ንጽጽሮች ስለሆኑ ሌላ ለውጥ አብሮ ሊኖር እንደሚችል አይካድም። ሆኖም አቅጣጫቸው አንድ ነው፤ ሕፃኑን የሚታደገው ባለሙያዋ በቅርቡ በእጇ የተለማመደችው ነገር ነው። የምስክር ወረቀቱ ብቻውን አያድነውም።

ለዚህ ምክንያቱ በተራ ስሌት ይታያል። በቀን አንድ ወሊድ የሚያስተናግድ ጤና ጣቢያ ብንወስድ፣ በዓመት ከ365 ሕፃናት አምቡ ባግ የሚያስፈልጋቸው 18 ያህል ናቸው። አራት ሚድዋይፎች ተራ ከገቡ ለእያንዳንዷ የሚደርሷት አራት ወይም አምስት ናቸው። በሁለት ወር ተኩል አንዴ የሚያጋጥም፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ መፈጸም ያለበት ሥራ፣ ካልተለማመዱት ከእጅ ይጠፋል። ይህ የሰው ተፈጥሮ ነው፤ በባለሙያዋ ስንፍና ሊመካኝ አይገባም።

መጠይቅ የማይደርስበት

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በአገራችን የተሠሩት የዚህ ዘርፍ ጥናቶች አንድ መልክ ይበዛባቸዋል። «የባለሙያዎች ዕውቀትና ተያያዥ ምክንያቶች» በሚል ርእስ፣ በአንድ ወቅት በሚሰበሰብ መጠይቅ፣ ባለሙያዎችን «በቂ ዕውቀት ያላቸው» እና «በቂ ዕውቀት የሌላቸው» ብሎ ከፍሎ በሪግሬሽን የሚደመድም ነው። በ2014 በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ስለ ባለሙያዎች ዕውቀትና ክህሎት የታተመውን የመሰሉ ቀደምት ሥራዎች ችግሩ መኖሩን በማሳየት የሚገባቸውን አድርገዋል። ከዚያ በኋላ ግን ያንኑ መጠይቅ ከዞን ወደ ዞን እያዛወሩ መድገም የሚጨምረው ትንሽ ነው።

ጉዳዩ የሥራውን ብዛት ከመቁጠር ያለፈ ነው። መጠይቁ የሚለካው ነገር ሞትን ከሚወስነው ነገር የተለየ ነው። «አየር መስጠት በስንት ደቂቃ ውስጥ ይጀመራል?» ለሚለው «በአንድ ደቂቃ» ብላ በትክክል የመለሰች ባለሙያ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምቡ ባጉ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ፣ ወይም እናቲቱ እየደማች እርሷ ብቻዋን ከሆነች፣ በሦስተኛው ደቂቃ ልትጀምር ትችላለች። የሃይዶምም ትምህርት ይኸው ነው፤ ዕውቀትና የአሻንጉሊት ችሎታ ጨምረው ሕፃናቱ ግን ለውጡን አላዩትም።

የመዝገብ መረጃም የራሱ ወጥመድ አለው። ቨርጂኒያ አፕጋር በ1953 ያሳተመችው ነጥብ የሕፃኑን ሁኔታ ለመግለጽ ይጠቅማል እንጂ ለውሳኔ አይመችም፤ የመጀመሪያው ነጥብ የሚሰጠው በአንደኛው ደቂቃ ላይ ስለሆነ፣ ሥራው ያን ጊዜ ተጀምሮ መገኘት አለበት። «ታፍነው ተወልደው በሕክምና የዳኑ» የሚለው ዓይነት አመልካች ደግሞ መቁጠር የሚጀምረው እርዳታ የተደረገላቸውን ብቻ ነው። ልቡ እየመታ ተወልዶ፣ አየር ሳይሰጠው ቀርቶ፣ «ሞቶ የተወለደ» ተብሎ የተመዘገበ ሕፃን ከአካፋዩም ከተካፋዩም ውጭ ነው። እንዲህ ያሉት በበዙ ቁጥር አመልካቹ አምሮ ሊታይ ይችላል። በሕንድ ቤልጋውም አካባቢ በተደረገ ጥናት ከስልጠናው በኋላ ሞተው የተወለዱት ቀንሰው የጨቅላ ሞት ግን አለመለወጡ፣ የሁለቱ መዝገቦች ድንበር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያስታውሰናል።

በዳንግላና በእንጅባራ ሊጠየቁ የሚችሉ ሦስት ጥያቄዎች

አንድ የማስተርስ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞት መቀነሱን ሊያሳይ አይችልም፤ ናሙናው አይበቃውም። ሊመልሳቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች ግን አሉ።

የመጀመሪያው የጊዜ ጥያቄ ነው። ከመወለድ እስከ መጀመሪያው የአምቡ ባግ ትንፋሽ ስንት ሰከንድ ያልፋል? መዘግየቱስ ከምን ይመጣል፤ ከዕቃው ቦታ፣ ከተደጋጋሚ ሳክሽን፣ ወይስ ከሰው ማነስ? ታዛቢ፣ የሰዓት መቁጠሪያና አንድ ገጽ ቅጽ ይበቁታል። ሰከንድ ተከታታይ መለኪያ ስለሆነ ከሞት ይልቅ በትንሽ ናሙና ይጠናል፤ ሳምንታዊ ልምምድ ሲጀመር ለውጡን ለማየትም ይመቻል።

ሁለተኛው የምዝገባ ጥያቄ ነው። እናቲቱ ስትገባ የፅንሱ ልብ መምታት ተሰምቶ ተመዝግቦ ሳለ ሞቶ ተወለደ የተባለ ሕፃን ምን ያህል ነው? ይህን ከካርዶቹ አውጥቶ መተንተን ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ የሚገልጠው ግን በምጥ ክትትልና በነፍስ አድን መካከል ያመለጠን ዕድል ነው።

ሦስተኛው የዚህ ምድር ጥያቄ ነው። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር ትዘልቃለች። በዳንግላ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ «21 በመቶ ኦክስጂን» የምንለው ተራ አየር እዚህ ለሕፃኑ ሳንባ የሚያቀርበው፣ በባሕር ወለል ላይ 16 በመቶ ከሚሆን ኦክስጂን ጋር የተቀራረበ ነው። ዓለም የሚሠራባቸው የኦክስጂን ሙሌት መጠኖች ደግሞ በ2010 ከታተመ፣ ለባሕር ወለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች የተወለዱ 468 ሕፃናት መረጃ የመነጩ ናቸው። ጤነኛ የአገው ምድር ሕፃን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሙሌቱ እንዴት እንደሚያድግ በፐልስ ኦክሲሜትር መከታተል ለአካባቢውም፣ በደጋ ለሚወለዱ ሌሎች ሕፃናትም ይጠቅማል። እስከዚያው ግን በተራ አየር መጀመር የሚለው መመሪያ ይጠበቃል፤ ከፍታን ሰበብ አድርጎ ሲሊንደር እስኪመጣ መቆም ከሁሉም የከፋ ነው።

ስለ ተቃውሞዎቹ

ታዛቢ ባለበት ባለሙያ ከወትሮው ይበልጥ ይተጋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በታዛቢ ፊት እንኳ የዘገየ እጅ ያለ ታዛቢ እንደማይፈጥን መገመት ይቻላልና፣ የምናገኘው ግምት ቢያንስ የችግሩን ዝቅተኛ ልክ ያሳየናል።

ከዚህ የሚከብደው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሕፃን ሲታፈን ሰዓት ይዞ መቆም ይገባልን? አይገባም። ታዛቢው ራሱ የሠለጠነ መሆን አለበት፤ ሥራው ከተጓተተ መቁጠሪያውን ጥሎ እንደሚረዳ በፕሮቶኮሉ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ያ ወሊድ ከናሙናው ቢጎድል ይጉደል። የእናቲቱም ፈቃድ በምጥ መካከል ሳይሆን በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ፣ በአማርኛም በአዊኛም፣ ሊጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ፍርሃት የባለሙያዎቹ ነው፤ የተቆጠረው ሰከንድ ለቅጣት ይውላል የሚል። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። ተማሪው መረጃውን ያለ ስም መሰብሰብ፣ ውጤቱንም ከማንም በፊት ለማዋለጃ ክፍሉ ሠራተኞች ማቅረብ ይኖርበታል። ሌሊት ብቻዋን ሁለት ነፍስ የያዘች ሚድዋይፍ፣ የዘገየችበት ምክንያት ቁም ሣጥኑ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት ጠበቃዋ እንጂ ከሳሿ አይደለም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል የአገራችን ሰው። ማደጉ በዕድሉ ይሁን፤ መተንፈሱ ግን በዕድል ሊተው አይገባም። ምን ቢደረግ እንደሚተነፍስ እናውቃለን። በቀጣዩ ዓመት የመመረቂያ ርእስ የሚመርጡ ተማሪዎቻችንና የሚያማክሯቸው መምህራን ሌላ የዕውቀት መጠይቅ ከማተማቸው በፊት፣ አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል አድረው የሚያዩትን ሰዓት አይተው እንዲመዘግቡ እጠይቃለሁ። ጥያቄያቸው ከዚያ ይነሣ።